ማሙሽ፣ ከፎቶው ውጣልኝ

«ስሜን ተራሮችን አይተሃል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ ደስ ይለኛል። «እንዴታ!» እላለሁ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ከዚያ ስልኬን አወጣና አሳየዋለሁ። ገደሉን፣ ጅብራውን፣ ሣር እየነጨ የተቀመጠውን የጭላዳ መንጋ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብቅ ያሉትን አምባዎች። ጠያቂዬም «አቤት አገር!» ይላል። ሁለታችንም አገር ወዳድ ሆነን እንለያያለን።

በቀደም ዕለት ግን የእህቴ ልጅ፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይታ ስታበቃ «ጋሼ፣ እዚያ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስልኩን ተቀብያት እኔም እንደ አዲስ አየሁት። ከመቶ በላይ ፎቶ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ሞልተውበታል፤ ያገሩ ሰው ግን የለም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ከፎቶው ጠርዝ፣ የአንድ ልጅ እጅና የያዘው በትር ጫፍ ይታያል። ያንን ልጅ አስታወስኩት። «ማሙሽ፣ ከፎቶው ውጣልኝ» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ልጁም ታዛዥ ነው፤ ወጣ። እጁ ብቻ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ባልደረቦች ሆነን፣ ሰኞን ፈቃድ ወስደን፣ ኮስተር ተከራይተን «አገራችንን እንወቅ» አልን። ፕሮግራሙን ያወጣልን አንድ የጉዞ አዘጋጅ ነው፤ ስሙ ይቆየን፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ዓርብ ባሕር ዳር ማደር። ቅዳሜ ስሜን ደርሶ ጎንደር ማደር። እሁድ ጠዋት ፋሲል ግንብ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ጀልባ፣ ማታ የዓሣ ጥብስ። ሰኞ አዲስ አበባ። ተራራውም ግንቡም ውኃውም በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ሲታዩ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ ያስጎመጃሉ። (የባሕር በር የሌለን ሰዎች ነንና ሐይቁን «ባሕር» ማለቱ ሳያጽናናን አይቀርም። «ባሕር ዳር ልዝናና ነው» ሲባል እኮ ሞምባሳ የምንሄድ ነው የሚመስለው።)

ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሣን። ጎንደርን አልፈን፣ ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ገደብዬን አልፈን። «አልፈን» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ የጉዟችን ዋና ግስ እሱ ነው። ዳባትን ያየሁት በመጋረጃ ቀዳዳ ነው። የድንች ጆንያ፣ የተሰለፉ ባጃጆች፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ ደብተር የያዙ ልጆች፤ አለቀ። ዳባት ማለት ግን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደቱንና ሞቱን፣ የገባውንና የወጣውን እየመዘገቡ የኖሩበት ወረዳ ነው። ተመራማሪው ቤት ለቤት ሄዶ ቆጥሯቸዋል። እኔ ግን ዳባት ማለፋችንን ያወቅሁት ሾፌሩ «ዳባትን ለቀቅናት» ሲል ነው።

ከዚያ ወቅን፣ ከዚያ ደባርቅ። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ስለሆነ መቆም ግድ ነው፤ ክፍያ ይከፈላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይሳፈራል። ግዴታ ባይሆንማ ደባርቅንም አንቆምባትም ነበር። አስተባባሪያችን «ከመኪና እንዳትርቁ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ!» አለ። የደባርቅ ብርድ ቀልድ አያውቅም። እጄን እያሻሸሁ ከመንገዱ ዳር ወዳለች አንዲት ቡና ቤት ገባሁ። ሴትየዋ ገና ቡናውን እየወቀጡ ነበር።

«እናቴ፣ ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል፤ ይቀመጡ። ምን ያጣድፍዎታል?»

ተቀመጥኩ። ጀበናው እሳት ላይ ወጣ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ እንዳለች ሊነግሩኝ ሲጀምሩ የኮስተሩ ክላክስ ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ብድግ ብዬ ብር ስዘረጋላቸው እጄን መለሱት። «ሳይጠጡ? ኧረ ነውር ነው! ሲመለሱ ይጠጡታል» አሉኝ።

«እሺ፣ ስመለስ» አልኳቸው።

የተቀረው ሰዓት ምን እንደሚመስል ብዙ አልነግራችሁም፤ ስሜንን ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም በቴሌቪዥን አይቶታል። ሳንካበር ደረስን፣ «ዋው!» አልን። የጂንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ ሲወረወር ካየንበት ጥግ ላይ «ዋው!» አልን። ጭላዳዎቹ መሐል ገብተን «ዋው!» አልን። የምር የሚያስደንቅ ነገር ነው፣ አልዋሽም። የአማርኛ መደነቂያ ያለቀብን ያህል ነበር።

ምሳችን ከባሕር ዳር በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነው። ውኃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ነው። ሙዙ ሳይቀር አብሮን የተጓዘ ነው። የበግ ጠጉር ቆብና ትንንሽ ስፌት የያዙ ልጆች ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ ከእኛ ውስጥ አንድ ሰው አንድ ቆብ ገዛ፣ እሱም ዋጋ ሲከራከር ቆይቶ። አንዱ ልጅ በትሩን ይዞ እኔ ልቀርጸው ያሰብኩት አምባ ፊት ለፊት ቆሟል። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ስካውቱ ነው። ሸበቶ ሰው ናቸው፤ አረንጓዴ ካፖርት፣ አሮጌ ጠመንጃ፣ የፕላስቲክ ጫማ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ሳለ ወደ ማዶ አመለከቱና «እኔ ያደግሁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ግጭ። አባቴም አያቴም እዚያ ነው የኖሩት። አሁን ደባርቅ ዳር ቤት ሠርተን…» ብለው ጀመሩ። አንዷ ባልደረባችን መሐል ገብታ «አባቴ፣ ዋልያ የት ጋ ነው የሚታየው?» አለች።

ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ወደ ጨነቅ ነው የሚበዛው፣ ልጄ። ዛሬ አትደርሱም» አሏት።

አየኋት፣ አልቆጣኋትም። ምክንያቱም እኔም ማወቅ የፈለግሁት የዋልያውን ነገር ነበር።

እስቲ ሰውዬው ሊነግሩን የፈለጉትንና ያላስጨረስናቸውን ታሪክ እኔ ልቀጥልላቸው።

ስሜን በፓርክነት በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1978) ዩኔስኮ የመጀመሪያውን የዓለም ቅርስ ዝርዝር ሲያወጣ በዓለም ላይ የተመረጡት አሥራ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነበሩ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፣ ላሊበላና ስሜን። የአሜሪካው የሎውስቶን፣ የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ፣ የፖላንዷ ክራኮቭ አብረውን ነበሩ። ይኼ የምንኮራበት ነው፤ እንኩራ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ስሜን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። የዋልያው ቁጥር አንሷል፣ እርሻና ግጦሽ ፓርኩን እየገፋው ነው፣ መንገድ በመሐሉ እየተሠራ ነው ተባለ። ውሸት አልነበረም። ቀጥ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ገብስ ሲዘራ አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የግብርና ዲግሪ አያስፈልግም።

ከመዝገቡ ለመውጣት ብዙ ነገር ተጠየቀ። አንዱ ከፓርኩ እምብርት የሰው ጫና እንዲቀነስ ነበር። የሰው ጫና ማለት በአማርኛ ሲተረጎም የግጭ ሰው ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ከአራት መቶ የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ከቀያቸው ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ክራኮቭ ላይ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ ሰረዘው። እዚህም ደስታ ሆነ። እኔም ያንን ዜና ሰምቼ «ይኼንን ተራራማ ማየት አለብኝ» ካሉት አንዱ ነኝ። የግጭ ሰው ቤቱን አፍርሶ በወጣ በሁለተኛው ዓመት እኔ ምሳዬን በካርቶን ይዤ ገባሁ ማለት ነው።

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይኼንኑ የስሜንን ጉዳይ አንሥቶ አውሮፓውያን አፍሪካን ሰው ያልነካት ኤደን ገነት አድርገው የማየት ልማድ አላቸው፣ ፓርኮቹም በዚያ ዓይን ተቀርጸው ነዋሪውን እንደ ጥፋተኛ ቆጠሩት ሲል ይከራከራል። መጽሐፉ ብዙ አነጋግሯል። እኛ አገርም ነገሩን የሰማ ሁሉ «አያችሁ? ፈረንጅ ነው!» ማለት ቀላል ሆኖለታል። እኔም ደስ ብሎኝ እል ነበር፣ የእህቴ ልጅ ስልኬን ባታየው ኖሮ። «ማሙሽ፣ ከፎቶው ውጣልኝ» ያለው ፈረንጅ ነው እንዴ? በአማርኛ እኮ ነው የተባለው! ፈረንጁ ቢያንስ ያ ልጅ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያለቅስ አያውቅም። እኔ የልጁን ቋንቋ እየተናገርኩ፣ አያቴ ሲለብሱት የኖሩትን ዓይነት ጋቢ ለብሶ እያየሁት ነው ዞር በልልኝ ያልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዋልያ ትጥፋ አላልኩም። ዋልያ ከስሜን ሌላ በዓለም ላይ አገር የላትም። ባለፉት ዓመታት ቁጥሯ እንደገና ማሽቆልቆሉ ሲነገር ልቤ ደንግጧል። የብሔራዊ ቡድናችን ስሟ ነው፤ የቢራ ስም አድርገንም ስንጠጣት ኖረናል። እሷን ለማትረፍ አንዳንድ መሬት ለእሷ መተው ይኖርበታል፤ ይኼንን የግጭ ገበሬም ቢሆን የሚያውቅ ይመስለኛል፣ ከማናችንም በላይ አብሯት የኖረው እሱ ነውና። የምለው ሌላ ነው። ለዋልያዋ ቦታ የለቀቀላት ማነው? ዕዳው የማን ነው? እኔ ለዋልያ የከፈልኩት የመግቢያ ዋጋ ነው። እሱ የከፈለው ቤቱን፣ ማሳውን፣ የወላጆቹን መቃብር ነው። ታዲያ ከሁለታችን የፓርኩ እንግዳ ማነው፣ ባለቤቱስ?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ተቃጠለ። እኛ ከተመለስን አምስት ወር አልሞላውም። ጓሳውና አስታው እየነደደ እሳቱ በገደሉ ላይ ሲወርድ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። የጉዞ ቡድናችን ቴሌግራም ላይ ያን ዕለት የጎረፈውን የሚያለቅስ ፊት ምልክት ብታዩ ጂንባርን ይሞላ ነበር። «እሳቱን ማን ያጥፋ?» ተባለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሄሊኮፕተሩ ከመድረሱ በፊትም ሆነ ከደረሰ በኋላ ቅጠልና አፈር ይዘው እሳቱ ፊት የቆሙት ገበሬዎቹና የአካባቢው ወጣቶች ነበሩ። ከብት እንዳያግዱበት፣ እንጨት እንዳይለቅሙበት የተከለከሉት ሰዎች ናቸው ሊያጠፉለት የወጡት። አሥራ ስምንታችን ያዋጣነው የለም። አንዱ ባልደረባችን «ከመቃጠሉ በፊት ማየታችን!» ብሎ ጻፈ፤ አሥራ አንድ ሰው በአውራ ጣት አጨበጨበለት። ከአሥራ አንዱ አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ።

ይኼን ክፍል ማንም አንባቢ በደንብ ያስታውሰዋል ብዬ ነበር፤ ግን ሰው ቶሎ ይረሳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሕወሓት ኃይሎች ተከዜን ተሻግረው አዲ አርቃይን፣ ዛሪማን ይዘው ወደ ደባርቅ ተጠጉ። ከቆላው የሸሸው ሕዝብ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅና ዳባት ገባ፤ ትምህርት ቤቶቹ መጠለያ ሆኑ። ከዳባት ወጣ ብሎ ያለው የጭና ገጠር በነሐሴ መጨረሻ የደረሰበትን ግፍ፣ የሰላማዊ ሰዎችን መገደልና የሴቶችን መደፈር፣ ሒውማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግበውታል። ዳባት! ያቺ በመጋረጃ ቀዳዳ ያየኋት ዳባት። ያን ሰሞን ዜናውን ስሰማ የሚገርማችሁ ነገር አንድም ፊት በዓይነ ኅሊናዬ አልመጣልኝም። የድንች ጆንያ ነው የመጣልኝ። ባልፍባት ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ «አላውቃትም» እላለሁ። እኔ ግን «ዳባትን አውቃታለሁ፣ በዚያ አልፌያለሁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ይኼው የዳባት ሰው የራሱ ቁስል ሳይሽር ሌላ እንግዳ ተቀበለ። ትግራይ ውስጥ ከነበሩት የማይ ዓይኒና የአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች በጦርነቱ ለተፈናቀሉ ኤርትራውያን ስደተኞች ዓለምዋጭ የተባለው ካምፕ የተከፈተው እዚያው ዳባት ወረዳ ነው። እንግዳ ማሳደር ይችሉበታል ማለቴ ነው። እኛ ግን አንዲት ሌሊት እንድናድር የሚለምነን አጣን።

ይኼን ሐሳቤን ለወዳጆቼ ሳጫውት ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጡኛል።

የመጀመሪያው «ጊዜ የለንማ» ነው። ይኼኛውን ቶሎ ልለፈው። ባሕር ዳር ዓሣ ጥብስ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጠናል።

ሁለተኛው «ሆቴሉ ምቾት የለውም፣ ብርዱ አይጣል ነው» ይላል። ደባርቅ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ እውነት ነው። ሆኖም ተራራ ላወጣ የሄደ ሰው ብርድ አለ ብሎ ሲያማርር ዋና ሄዶ ረጠብኩ እንደሚል ነው። ምቾቱንም ቢሆን የሚያመጣው የሚያድር እንግዳ ነው። ማንም የማያድርበት አልጋ ላይ አዲስ ብርድ ልብስ የሚገዛ ነጋዴ አላየሁም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «ልጆቹ ይለምናሉ፣ ያስቸግራሉ»። ይኼን የሚሉኝ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ግን እስቲ እንነጋገር። ቆብ ይዞ የቆመ ልጅ ለማኝ ነው? ገበያ የወጣ ነጋዴ ነው እንጂ! ለማኝ የምናደርገው እኛ ነን። መኪናው ሳይቆም ሲያልፍ፣ ከመስኮት ብስኩትና እስክሪብቶ ሲወረወርለት፣ ያ ልጅ ምን ይማራል? ቆብ መሥራት ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ገዢውም አይቆምም፤ እጅ መዘርጋት ግን ምንም አይፈጅም፣ ብስኩቱም ይመጣል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የሁለት ቀኑን ሥራ ትቼ እጄን እዘረጋ ነበር። የሚቆም መኪና ግን ነጋዴ ያደርገዋል፣ በቅሎ አከራይ ያደርገዋል፣ አስጎብኚ ያደርገዋል። ከደባርቅ ተነሥተው አምስትና ስድስት ቀን በእግር የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች ምግብ አብሳይ ይቀጥራሉ፣ በቅሎ ይከራያሉ፣ ከከተማው ገበያ ድንችና ሽንኩርት ይገዛሉ። ኮሮናና ጦርነቱ እነሱን ሲያስቀር በቅሎው ሥራ ፈታ፣ አብሳዩም ሥራ ፈታ። ያኔ እኛ ያገሩ ሰዎች የበቅሎ ኪራይ የለመድን ብንሆን ኖሮ ቢያንስ በደህናው ወራት ጭራሽ አይዘጉም ነበር። እኛ ግን የለመድነው ኮስተር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ ደግሞ «ተነሡ፣ እንሂድ» ብዬ ልሰብካችሁ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሰው መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው እያሰበ የሚጓዝበት ዘመን ነው የመጣብን። ይኼ ማለት ግን ነገሩን ዛሬ አናንሣው ማለት አይደለም። መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት «አገርህን እወቅ» የሚለው ባነር እንደገና እንደሚሰቀል፣ ኮስተሩም እንደሚታጠብ፣ የካርቶን ምሳውም እንደሚታዘዝ አልጠራጠርም። ያኔ ከመሳፈራችን በፊት ፕሮግራሙን የሚያወጣውን ሰው አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፦ ሌሊቱን የት ነው የምናድረው? «ጎንደር» ካለ ይሰርዘው። ጎንደር ከእኛ ሌላ ብዙ እንግዳ አላት። ምሳው ከየት ነው? «ከባሕር ዳር» ካለ እሱንም ይሰርዘው። ደባርቅ የገብስ እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ድንች አለ፤ ጠላውን የሚጠጣም ያገኛል።

ሁለት ሌሊት ቢሆን ደግሞ ሌላ አገር ይከፈትላችኋል። ተራራ ተራራ ስንል ታሪኩን ዘንግተነው ነው እንጂ ያ አገር የደጃዝማች ውቤ አገር ነው። ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርጎ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው እዚያው ስሜን፣ ጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠራት ራሱ ውቤ ነው። የቴዎድሮስ የልብ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. የወደቀው ደባርቅ አካባቢ በተደረገ ውጊያ ነው። ስለ ቴዎድሮስ ስንት ቴአትር አይተን፣ ስንት ዘፈን አልቅሰንበት፣ ዘውድ የጫነበትን ቀበሌ ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? ከአሥራ ስምንታችን አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ስካውቱ ግን ያውቃሉ። ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ ለሾፌራችን ሲነግሩት በግማሽ ጆሮ ሰምቻለሁ። በዚያ ሰዓት እኔ ከፎቶዎቹ ውስጥ ጥሩ ጥሩውን እየመረጥኩ ነበር።

አዎ፣ ስንመለስ። ሾፌሩ «ሳይመሽ ጎንደር መግባት አለብን» ብሎ ነበርና ደባርቅ ላይ ስካውቱን አወረድናቸው። መኪናው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። አበላቸውን በመስኮት ተቀበሉ፤ ቆብ አውልቀው እጅ ነሡን። ቡና ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ነበረች፣ በሩ ክፍት ነው፣ የረከቦቱ ጭስ ይታያል። «አንዴ ልውረድ?» አልኩ። አስተባባሪው ሰዓቱን አሳየኝ። ሴትየዋ ወደ በሩ ወጣ ብለው መኪናውን አዩት። እኔን ይፈልጉ ይሁን ወይም የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያዩ ይሁን አላውቅም። እጄን ላወዛውዝ ብዬ ሳነሣ መጋረጃው ተያዘብኝ። መጋረጃውን ስገፋው ደባርቅን ለቀን ወቅን ልንገባ ነው።